ስለ አሮጌ አስፋልት፦ ከመቶኛው በፊት ክምሩን ይመልከቱ

የጠየቁት፣ ከሚታደስ መንገድ በማሽን ተፍቆ የሚነሳው አሮጌ አስፋልት በአዲሱ ድብልቅ ውስጥ እስከ ስንት በመቶ ሊገባ እንደሚችልና ማለስለሻ ኬሚካል መጨመር ግዴታ መሆን አለመሆኑን ነው። በመጀመሪያ በአገር ቤት በኢትዮጵያ በመንገድ ሥራ ላይ፣ በኋላም በአሜሪካ ሜሪላንድ ግዛት በአንድ የአስፋልት ማምረቻ የጥራት ላብራቶሪ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ስለሠራሁ፣ በእጄ ያለፈውን ላካፍልዎ።

በአሜሪካ ሲሠራበት የቆየው መመሪያ እንዲህ ነው፦ አሮጌው እስከ 15 በመቶ ከሆነ የአዲሱ ቢትመን (ጠጠሩን አጣብቆ የሚይዘው ጥቁር ማጣበቂያ) ደረጃ አይቀየርም፤ ከ15 እስከ 25 በመቶ ከሆነ አንድ ደረጃ ለስላሳ የሆነ ቢትመን ይመረጣል፤ ከ25 በመቶ ካለፈ ግን ቢትመኑን ከአሮጌው ላይ በማሟሚያ ለይቶ መፈተንና ቅልቅሉን በስሌት መወሰን ያስፈልጋል። ጃፓኖች ወደ ግማሽ የሚጠጋ አሮጌ ይጠቀማሉ፤ ይህን የቻሉት ግን አሮጌውን ለብቻው የሚያሞቁ ማምረቻዎች ስላሏቸው ነው።

እንደ እኔ እምነት ከመቶኛው ይልቅ ቀድሞ መታየት ያለበት ክምሩ ነው። ከዝናብ በኋላ የአሮጌ አስፋልት ክምርን በአካፋ ቢቆፍሩ፣ ላዩ ደርቆ ግራጫ ሆኖ ሳለ ክንድ ያህል ወደ ውስጥ ሲገቡ ጥቁር፣ እርጥብና እርስ በርሱ የተጣበቀ ሆኖ ያገኙታል። ያ ውኃ በሙሉ በነዳጅ መትነን አለበት። በባች ፕላንት (ድብልቁን በየዙሩ እየመዘነ በሚያዘጋጅ ማምረቻ) ደግሞ አሮጌው በቀጥታ እሳት ስለማይነካው (ከነካው ቢትመኑ ይቃጠላል) ሙቀቱን የሚያገኘው ከአዲሱ ጠጠር ነው፤ ስለዚህ እርጥበቱ በጨመረ ቁጥር ጠጠሩን ከ200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ማጋል ግድ ይሆናል። በእኛ አገር ክረምት ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ክምሩን በላስቲክ መሸፈን መፍትሔ ይመስላል፤ ነገር ግን ከሥሩ እርጥበት አምቆ ስለሚይዝ ባይደረግ ይሻላል። ተዳፋት ያለው የሲሚንቶ ወለልና ዙሪያው ክፍት የሆነ የቆርቆሮ ጣሪያ ወጪውን በነዳጅ ቁጠባ ይመልሳል።

ሁለተኛው ችግር የክምሩ መቀላቀል ነው። በአንድ ወቅት ወደ 35 በመቶ የሚጠጋ አሮጌ አስፋልትና ማለስለሻ ያለው ድብልቅ አዘጋጅተን ነበር፤ በላብራቶሪ ሁሉም ውጤት ጥሩ ነበር። ይሁን እንጂ ምርቱ ሲጀመር ከሌላ መንገድ የተነሳ፣ ይበልጥ ያረጀና የደረቀ አስፋልት በዚያው ክምር ላይ ተራግፎ ነበር። እኔ ናሙና የወሰድኩት ከአንድ ጎን ብቻ ስለነበር አላየሁትም። የመጀመሪያው የብርድ ወቅት ሲያልፍ መንገዱ በየጥቂት ሜትሩ ከዳር እስከ ዳር ተሰነጠቀ። ከዚያ ወዲህ ክምሩን ዙሪያውን ቢያንስ ከ10 ቦታ ሳልቆፍር ውጤት ጽፌ አላውቅም።

ወደ ማለስለሻው ስንመጣ፣ ቢትመን የሚያረጀው ከአየር ኦክስጅን ጋር ሲዋሐድ ነው፤ ዘይታማው ክፍል እየቀነሰ አስፋልቲን የሚባለው ከባዱ ክፍል ይበዛል፣ ቢትመኑም ደርቆ ተሰባሪ ይሆናል። ከአኩሪ አተር ዘይት ወይም ከጥድ ተረፈ ምርት የሚሠሩ ማለስለሻዎች የጎደለውን ልስላሴ ይመልሳሉ። መጠኑ ሲበዛ ግን መንገዱ በሙቀት ወቅት ጎማ በሚሄድበት መስመር ይሰረጎዳል። በዋጋ ርካሽነቱ የተቃጠለ የሞተር ዘይት እንዲጨምሩ የሚመክርዎ ሰው ቢኖር እባክዎ አይስሙት፤ በካናዳ ኦንታሪዮ የዚህ ዘይት ዝቃጭ የገባበት ቢትመን ያለጊዜው ከሚመጣ ስንጥቅ ጋር በጥናት ተያይዟል። ከ15 በመቶ በታች ከሆኑ ማለስለሻ ጨርሶ ላያስፈልግዎ ይችላል። በአንጻሩ ኖራ በጠጠሩ ክብደት 1 በመቶ ገደማ መጨመር ቢትመኑ በውኃ ከጠጠሩ እንዳይላቀቅ ስለሚረዳ፣ በአገር ውስጥም ስለሚገኝ፣ ቅድሚያ የምሰጠው ለእርሱ ነው።

ይህን ሁሉ የምጽፈው ጉዳዩ ስለሚያሳስበኝ ነው። በአንድ ቶን አሮጌ አስፋልት ውስጥ 50 ኪሎ ገደማ ቢትመን አለ፤ ኢትዮጵያ ደግሞ ቢትመኗን የምታስገባው በውጭ ምንዛሪ ነው። ያ ቁስ ጉድጓድ መሙያ ሆኖ ሲደፋ ማየት ያሳዝነኛል።

ለእርስዎ ፕሮጀክት በ15 በመቶ ቢጀምሩ፣ ያውም ከላይኛው ንጣፍ ሳይሆን ከሥሩ ባለው የአስፋልት ንጣፍ ላይ ቢሆን እመርጣለሁ። በመጀመሪያ ከ10ሩ ናሙናዎች የእያንዳንዱን የቢትመን መጠንና የጠጠር መጠን ስርጭት (ደቃቁና ትልልቁ ምን ያህል እንደሆነ) ይለኩ፤ ልዩነታቸው ሰፊ ከሆነ ክምሩን በወንፊት በሁለት መጠን ይለዩት። ከአዲሱ ድብልቅ ተሠርቶ ውኃ ውስጥ የቆየው ናሙና ጥንካሬ ከደረቁ ጋር ሲነጻጸር ከ80 በመቶ በታች ከወረደ ወደ ምርት አይግቡ። ቁጥሮቹን እዚህ ቢያስቀምጡልን ስሌቱን አብሬዎት እሠራለሁ።