አፍንጫ ሲደፈን ማሽኑን ምን እናድርገው?

ጥምቀት ካለፈ ወዲህ የሚደርሱኝ ጥያቄዎች ሁሉ ከተደፈነ አፍንጫ የወጡ ናቸው። የበዛችሁት ደግሞ ሲፓፕ (እንቅልፍ ላይ ትንፋሽ እንዳይቋረጥ በማስክ አየር የሚነፋ ማሽን) አድርጋችሁ የምትተኙት ናችሁ። እኔም ሐኪም አይደለሁም፤ ስድስት ዓመት ሙሉ እንደ ጄት አብራሪ ማስክ አጥልቄ የምተኛ ሰው ነኝ።

«ባለቤቴ ተኝቶ ትንፋሹ ስለሚቋረጥ ማሽኑ ታዞለታል። ፋሲል መዋኛ ውሃ ተረጭቶ መጣና ጉንፋን ያዘው። ይኸው አራት ሌሊት ማሽኑን አልነካውም፤ ማንኮራፋቱ ተመልሷል። ልተወው ወይስ ልጨቅጭቀው?» ከአዘዞ

ጨቅጭቂው እህቴ፣ በለዘብታ። በነገራችን ላይ ጉንፋኑን የሰጠው ውሃው ሳይሆን ትከሻ ለትከሻ ተጋፍቶ የቆመው ሕዝብ ነው። አንድ ሌሊት መዝለል ያጋጥማል፣ እኔም ዘልያለሁ። አራት ግን በዛ። አፍንጫ ሲደፈን የትንፋሹ መቆራረጥ ይብስበታል እንጂ አይቀንስም።

ከመተኛቱ በፊት አፍንጫውን በጨው ውሃ ይጠብ፦ አንድ ብርጭቆ ፈልቶ የበረደ ውሃ፣ ሩብ የሻይ ማንኪያ ጨው። ያልፈላ የቧንቧ ውሃ እንዳይሞክር። ትራሱን ከፍ አድርጊለት። ማሽኑ ውሃ የሚያሞቅ ከሆነ እርጥበቱን አንድ ሁለት ደረጃ ጨምሩ። ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ናት፣ የበጋው አየር ደረቅ ነው፤ ማሽኑ ደግሞ ያንኑ አየር ሌሊቱን ሙሉ አፍንጫው ውስጥ ይነፋል። ማስኩ አፍንጫ ብቻ የሚሸፍን ከሆነ፣ አፍንም አብሮ የሚሸፍን አንድ ማስክ ለጉንፋን ሰሞን ቢኖረው ጥሩ ነው።

«ማሽኑ ውስጥ የሚጨመረው የተጣራ (ዲስቲልድ) ውሃ ስለጠፋ መለዋወጫ ቤት የሚሸጠውን የባትሪ ውሃ ብጠቀምስ?» ከፒያሳ

ወንድሜ፣ የባትሪ ውሃ ለባትሪ ነው። ሲታሸግ የሰው ሳንባ ታስቦ አይደለም። እኔ የተጣራ ውሃ ሲጠፋ ማታ ራት ሲሠራ ውሃ አፍልቼ፣ ከድኜ አቀዘቅዛለሁ። ጠዋት የተረፈውን እደፋለሁ፣ መያዣውን አጥቤ አደርቃለሁ። ማፍላት ጀርሙን ይገድላል፣ ማዕድኑን ግን አያወጣም። ስለዚህ የሻይ ማንቆርቆሪያ ሆድ ላይ የምታየው ነጭ ቅርፊት እዚህም ይመጣል። በሳምንት አንዴ በውሃ በቀጠነ ኮምጣጤ ዘፍዝፌ ደጋግሜ አለቀልቀዋለሁ። የሃይላንድ ውሃም ማዕድን አለበት። አምቦ ውሃ ይሆናል ወይ ያልከውን ልጅ ቀልድ ነው ብዬ አልፌሃለሁ።

«የአፍንጫ ጠብታ ሦስት ሳምንት ተጠቀምኩ። ልተው ስል ይብሳል።» ተማሪ፣ ማራኪ

አሁን የሚደፍንህ ጠብታው ራሱ ነው። አፍንጫ ከፋች ጠብታ ከሦስት ቀን በላይ አይወሰድም፤ አፍንጫው ይለምደውና ያለሱ አልከፈት ይላል። ማቆሙ ጥቂት ቀን ያስቸግርሃል፣ ሐኪም የሚያግዝ ሌላ መድኃኒት ሊሰጥህ ይችላል። የደም ግፊት ያለባችሁ ደግሞ የጉንፋን ክኒን ስትገዙ ለፋርማሲስቱ ንገሩ፤ አንዳንዱ ግፊት ከፍ ያደርጋል።

«እናቴ የማሽኑ ውሃ ውስጥ ባሕር ዛፍ ጨምሪበት ትለኛለች።»

እናትሽ ደግ ናት፣ ግን አይሆንም። ከንጹህ ውሃ በቀር ምንም አይገባም፤ ዘይቱ ሳንባ ይቆጣል፣ ፕላስቲኩንም ያበላሻል። ይልቅ ዝንጅብል በሻይ ጠጪ። ቡና የሚፈላበትና ዕጣን የሚጨስበት ክፍል ውስጥም ማሽኑን አታስቀምጪ። እኔ ቤት አንድ እሁድ ይህን ረስቼ ሌሊቱን ሙሉ ዕጣን ሲነፋብኝ አደረ። ማጣሪያውን ሳወጣው ነጭ መሆኑ ቀርቶ የከሰል አቧራ መስሏል።

«ማሽኑን ስከፍት ጆሮዬ ይደፈናል፣ ግንባሬን ይወጋኛል። ሁለት ሳምንቴ ነው።» የ61 ዓመት አባት

ጋሼ፣ ይህ ከእኔ በላይ ነው፣ ሐኪም ጋ ይሂዱ። ጉንፋን ከ10 ቀን ካለፈ፣ ወይም ተሽሎ እንደገና ከባሰ፣ ሳይነስ ሊሆን ይችላል። ዓይን ዙሪያ ካበጠ ወይም እይታ ከደበዘዘ ዛሬውኑ ነው። የማሽኑን ግፊት ራስዎ አይንኩ። አሞክሳሲሊንም ከጎረቤት አይዋሱ፤ ጉንፋን ቫይረስ ስለሆነ አይሰማውም።

ማሽኑንም ይዘው ይሂዱ፤ ብዙዎቹ የየሌሊቱን መረጃ ይይዛሉ። ውሃውን ግን መጀመሪያ ይድፉ። እኔ ሳልደፋ ባጃጅ ላይ ጭኜው፣ ውሃው ሞተሩ ውስጥ ገብቶ ሐኪሙ ፊት አልነሳም አለ።