አኮን ከሃይፋና ከሮሽ ሃኒክራ ጋር በአንድ ቀን? ተይው እህቴ

እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። እህትሽ ከአሜሪካ ልትመጣ ነው፣ እናታችሁም አብረው ይሄዳሉ፣ በሰሜን እስራኤል ሃይፋን፣ የድሮዋን የወደብ ከተማ አኮንና በሊባኖስ ድንበር ያለውን የባሕር ዋሻ ሮሽ ሃኒክራን በአንድ ቀን የሚያዞር የአውቶቡስ ቲዩል (ጉብኝት) አግኝተሻል፣ «ይበቃል ወይ?» ነው ያልሽው። አይበቃም። ገንዘቡን ካልከፈልሽ አትክፈዪ። ከከፈልሽም ዛሬውኑ ደውለሽ ሰርዢው።

ስለ እናትሽ ጉልበት የጻፍሽው የለም። ግን የኛ እናቶች ጉልበት ያው ነው፣ ወደ እስራኤል ለመምጣት እስከ ሱዳን በእግሩ የሄደ ጉልበት ነው፣ ስለዚህ እንደሚያማቸው ቆጥሬ ነው የምመልስልሽ።

1. ቀኑ። ቅዳሜ ባቡር የለም፣ አርብም ከሰዓት ይቆማል። መኪና ያለው ሁሉ ደግሞ የሚመጣው ቅዳሜ ነው። ፓርኪንጉ ይሞላል፣ ሹኩ (ገበያው) ውስጥ መተላለፊያ የለም። አርብ መግቢያዎቹ ቀደም ብለው ይዘጋሉ፣ ለጀዛር መስጊድም ትልቁ የጸሎት ቀኑ ነው። ከእሑድ እስከ ሐሙስ ካሉት አንዱን ምረጪ። በሱኮት (የዳስ በዓል) ሳምንት ደግሞ አሮጌው ከተማ ውስጥ ከ1980 ጀምሮ የሚካሄድ የቲያትር ፌስቲቫል አለ። ወጣት ብቻ ከሆናችሁ በጣም ደስ ይላል፣ እናት ይዞ ግን አይሆንም።

2. የቲዩል ቢሮ። ይሄኛው ላይ ረዘም ላድርገው፣ እስካሁን ሆዴ ውስጥ ስላለ። ስሙን አልጠራም። ወረቀቱ የናንተው ዓይነት ነበር፦ ሃይፋ የባሃኢ ገነት (የባሃኢ እምነት የአትክልት ቦታ)፣ አኮ፣ ሮሽ ሃኒክራ፣ «አስጎብኚ ተካቷል»። እናቴንና አክስቶቼን ይዤ ሄድኩ። ሰው ለመሰብሰብ ብቻ ጠዋቱን ሙሉ ከከተማ ከተማ ዞርን። ሃይፋ ላይ ከላይ ቆመን ፎቶ ተነሳን። አኮ ስንደርስ ቀትር ሆኗል። አስጎብኚው በሹኩ መሃል ሮጠ፣ እውነቴን ነው ሮጠ፣ እኛ ከኋላ። የጀዛር መስጊድ በር ላይ ቆም ብሎ «ይሄ መስጊድ ነው» አለን። ሚናሬቱን እያየን ምን ልንለው ነበር? ከዚያ ወደ ወደቡ፣ ከዚያ «አርባ ደቂቃ ነፃ ጊዜ»። በነፃው ጊዜ እናቴ ያየችው የሽንት ቤት ሰልፍ ነው። የፈረሰኞቹ አዳራሽ (ከመሬት በታች ያለው የመስቀል ጦረኞች አዳራሽ) መግቢያ አልተካተተም፣ ከኪሳችን ብንከፍልስ መቼ ደርሰን? ታላቋ አክስቴ ወደቡ ላይ ቆማ «ከተማው የታለ?» አለችኝ። የቆመችው እኮ ከተማው ላይ ነው። ግን ልክ ናት፣ የአኮ ዋናው ነገር ከመሬት በታች ነው፣ ካልወረድሽ አላየሽውም።

በማግስቱ ከእናቴ ጋር ወደ ቢሮው ሄድን። ልጅቷ ስልኳን ሳታስቀምጥ «ወረቀቱ አኮ ይላል፣ አኮ ደርሳችኋል» አለች። ወደ እናቴ ዞራ ደግሞ፣ ድምጿን ከፍ አድርጋ፣ ለሕፃን እንደሚነገር ቃል በቃል እየቆራረጠች፣ «ባሕሩን አይተሻል አይደል? ቆንጆ ነበር አይደል?»። እናቴ ዕብራይስጥ ትሰማለች እኮ፣ ከኡልፓን (የዕብራይስጥ ትምህርት ቤት) ከወጣች ዘመኗ ነው። ዝም ብላ ሰማቻትና በዕብራይስጥ «ባሕር እኔ ሰፈርም አለ፣ በነፃ» አለቻት። ከዚያ ወዲያ ስለ ብሩ አልቀለድኩም። ወረቀቱን ፎቶ አንስቼ፣ ስንት ሰዓት ደርሰን ስንት ሰዓት እንደወጣን ጽፌ፣ ደብዳቤ ላክሁ። መልስ የለም። ደግሜ ላክሁ። በመጨረሻ ግማሹን መለሱ። ግማሽ ያልኩት ለኔ ድል ነው፣ ከዚያ ቢሮ ብር ያስመለሰ ሌላ ሰው አላውቅም።

አንቺም የግድ በቢሮ ከሄድሽ ሁለት ነገር በጽሑፍ ጠይቂ፦ አኮ ውስጥ ስንት ሰዓት ነው የምንቆየው፣ የየትኛው ቦታ መግቢያ ተከፍሏል። «ጉብኝት» ማለት በር ላይ ማለፍ ነው፣ «መግቢያ» የሚል ካልተጻፈ የለም። በካርድ እንጂ በጥሬ ገንዘብ አትክፈዪ።

3. በራሳችሁ ስትሄዱ ከታች ጀምሩ። ባቡር ጣቢያው አዲሱ ከተማ ውስጥ ነው፣ በእግር ሃያ ደቂቃ ወይም ትንሽ በላይ ነው፣ ለናንተ ግን ሞኒት (ታክሲ) ይሻላል፣ የእናትሽን ጉልበት ለውስጡ አቆዪው። የጎብኚዎች ማዕከል በዪው ለሾፌሩ። እዚያ ብዙዎቹን ቦታዎች አንድ ላይ የሚያስገባ ጥምር ትኬት አለ። እናትሽ የ«አዝራኽ ቫቲክ» (የአረጋውያን) ካርዳቸውን እንዳይረሱ።

መጀመሪያ የፈረሰኞቹ አዳራሽ። ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው። የመስቀል ጦረኞቹ አኮን በ1104 ያዙ፣ የሙስሊሞቹ ሱልጣን ሳላዲን በ1187 ነጠቃቸው፣ በ1191 የእንግሊዙ ሪቻርድና የፈረንሳዩ ፊሊጶስ ከረጅም ከበባ በኋላ መልሰው ያዙዋት። ኢየሩሳሌም ከእጃቸው ስለወጣች አኮ ዋና ከተማቸው ሆነች። ለ100 ዓመት። በ1291 ማምሉኮች የሚባሉት የግብፅ ገዢዎች መጥተው ከተማዋን አፈራረሱ። ሆስፒታለር የሚባሉት የመስቀል ጦር ፈረሰኞች የሠሯቸው የምሽግ አዳራሾች በኋላ አፈር ተሞልቶባቸው፣ ኦቶማኖች በላያቸው ላይ ምሽግ ሠሩ። ለዚህ ነው ሳይነኩ የቆዩት። ፈረሰኞቹ ይበሉበት በነበረው አዳራሽ ያሉት ዓምዶች አንዱን ለማቀፍ ብዙ ሰው ይፈልጋል። መጸዳጃ ቤታቸውም ተቆፍሮ ወጥቷል፣ ልጅ ካላችሁ ከዚያ አይነቃነቅላችሁም።

እናቴን ለብቻዋ መልሼ ስወስዳት (አክስቶቼ «አይተነዋል» ብለው እምቢ አሉ) እዚያ አዳራሽ ውስጥ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። የወገራ ልጅ ናት፣ ግንብ ማለት ለሷ የፋሲል ግንብ ነው። «ይሄ ከፋሲል ይቀድማል?» አለችኝ። ፋሲል በ1636 ጎንደርን ሲቆረቁር የዚህ አዳራሽ ከተማ ከፈረሰች ከ300 ዓመት በላይ ሆኗታል አልኳት። አላመነችም። ግድግዳውን ዳበስ ዳበስ አድርጋ «ታዲያ የኛው ሳይቀበር እንዴት ኖረ?» አለች፣ ፋሲልን አሸናፊ አድርጋ ተነሳች። የተቀመጠችውን ያህል ተቀምጣ፣ ማንም «ቶሎ በሉ» ሳይላት። አይ ያ ቢሮ!

ከዚያ የቴምፕላሮቹ (የሌሎቹ የመስቀል ጦር ፈረሰኞች) ዋሻ። በምዕራብ፣ በባሕር ፋናው አካባቢ ገብታችሁ በወደቡ በኩል ትወጣላችሁ። 350 ሜትር ነው፣ የቴምፕላሮቹን ምሽግ ከወደቡ ጋር ያገናኝ ነበር፣ ምሽጉ ራሱ አሁን ባሕር በልቶታል። የተገኘው በ1994 ነው፣ ያገኘውም ሊቅ አይደለም፣ አንዲት ነዋሪ የቤቷ ፍሳሽ ተዘጋ ብላ አቤት ስትል ሲቆፈር ነው። መረማመጃው እንጨት ነው፣ ከታች ውሃ ይሄዳል። ጣሪያው ዝቅ የሚልበት ቦታ አለ። እኔ ጎንበስ ብዬ እየተንፏቀቅኩ፣ እናቴ ቀጥ ብላ፣ ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ነው የወጣነው። መጨናነቅ የሚከብደው ሰው ካለ ግን ከውጭ ይዙር።

ወደቡ ላይ ስትወጡ ለእህትሽ ንገሪያት፦ ታላቁ የአይሁድ ሊቅ ራምባም በ1165 ከሞሮኮ ከቤተሰቡ ጋር ሸሽቶ ከመርከብ የወረደው አኮ ነው። እናቴ ራምባምን የምታውቀው በሃይፋው ሆስፒታል ነው፣ «እሱም በመርከብ ነው የመጣ?» ብላ በጣም ደስ አላት።

ጀልባውን ከፈለጋችሁ ዋጋውን ሳትገቡ ተስማሙ። «አሁን እንነሳለን» ማለት ሲሞላ ማለት ነው። ሙዚቃው ያደነቁራል፣ ቅጥሩ ከባሕር ላይ ግን ያምራል።

ምግብ። ካሽሩት (የአይሁድ የምግብ ሕግ) የምትጠብቁ ከሆነ አሮጌው ከተማ ውስጥ ብዙዎቹ ቤቶች ተኡዳ (የካሽሩት ማረጋገጫ ወረቀት) የላቸውም፣ ከመቀመጣችሁ በፊት ጠይቁ፣ ወይ እንደኛ ዳቦና እንቁላል ቋጥራችሁ ሂዱ። የማትጠብቁ ከሆነ ሁሙስ (የተፈጨ ሽምብራ) ጠዋት ብሉ፣ ታዋቂዎቹ ቤቶች ከቀትር በኋላ ጨርሰው ይዘጋሉ። ሹኩ ውስጥ ቅመም ግዙ። እናቴ ሱዳን የተማረቻት አረብኛ አለቻት፣ ስንት ዘመን ያልተነካች፣ ቅመም ሻጩ ፊት ከየት እንደመጣች አላውቅም ፈሰሰች። ሰውዬው ወንበር አወጣላት፣ ሻይ አስመጣ፣ ጥቁር አዝሙዱን ከጠራው ዋጋ ቀንሶ ሰጣት፣ እኔን ረስተውኝ ሲያወሩ ቆዩ። የአሮጌው ከተማ ሰው አብዛኛው አረብ ነው፣ ቤቱ እዚያው ቅጥሩ ውስጥ ነው። በር ክፍት ነው ብላችሁ ሰው ግቢ ውስጥ ካሜራ አትደግኑ፣ ሰላም በሉ፣ ጥሩ ሰዎች ናቸው።

መስጊዱን በጸሎት ሰዓት አያስገቡም፣ ነጠላ ያዙ። የ1781 ሥራ ነው፣ ያሠራው የኦቶማኑ የአኮ ገዢ ጀዛር ራሱ ግቢው ውስጥ ተቀብሯል።

ቅጥሩን ለመጨረሻ አቆዩት፣ ፀሐይ ሲበርድ። እዚህ ላይ ለእህትሽ አንቺ ራስሽ አስጎብኚ ሁኚላት። ናፖሊዮን በ1799 ከግብፅ መጥቶ አኮን ሁለት ወር ከበባት። ከባድ መድፎቹን በባሕር ነበር የላካቸው፣ የእንግሊዙ የባሕር ኃይል መኮንን ሲድኒ ስሚዝ መንገድ ላይ ማረካቸው፣ ከዚያ ናፖሊዮንን በራሱ መድፍ ተኮሱበት። በግንቦት ባዶ እጁን ተመለሰ። ያኛው ሯጭ አስጎብኚያችን በምሥራቅ በኩል ያለውን ወፍራም ቅጥር እያሳየ «ናፖሊዮን ይሄን መድፈር አቃተው» ብሎን ነበር። ውሸት ነው፣ ወፍራሙ የተጀመረው እሱ ከሄደ በኋላ ነው፣ ናፖሊዮንን ያስቆመው ከሱ ወደ ውስጥ ያለው ቀጭኑ ነው። ከተማዋን ለማስጣል ከጀዛር ጎን ከቆሙት አንዱ ሐይም ፋርሒ የሚባል አይሁዳዊ የገንዘብ ሹም ነበር። ይሄው ጀዛር ነው አንድ ዓይኑን ያወጣው፣ አፍንጫውንና ጆሮውን የቆረጠው። እንደዚያም ሆኖ አገለገለው። በ1820 ደግሞ እሱ ራሱ ለሥልጣን ያበቃው አብዱላ ፓሻ አስገደለው። ይሄንን ስነግራት እናቴ «አለቃ ድሮም ያው ነው» አለች፣ የማንን አለቃ እንደሆነ አልጠየቅኳትም።

በባሕሩ በኩል ያለው ቅጥር መደገፊያ የሌለው ቦታ አለው፣ ድንጋዩም ሲርስ ያዳልጣል። የሰፈሩ ልጆች ከላይ ወደ ባሕር ሲዘሉ ታያላችሁ። የእህትሽ ልጆች አብረው ከመጡ እጃቸውን ያዙ፣ እነዚያ የት ጋ ድንጋይ እንዳለ ያውቃሉ፣ የናንተዎቹ አያውቁም።

የእንግሊዝ ወህኒ ቤት የነበረው ሙዚየም እዚያው ኦቶማኖቹ በአዳራሾቹ ላይ የሠሩት ምሽግ ውስጥ ነው፣ በሜይ 4 ቀን 1947 ግድግዳው ተደርምሶ እስረኞች ያመለጡበት። ጊዜ ከተረፈ ግቡ፣ እኛ ቅመም ቤት ስለቆየን አልደረስንበትም።

ሮሽ ሃኒክራን ለሌላ ቀን ተዪው። ድንበሩ ላይ ስለሆነ ክፍት መሆኑን አስቀድመሽ ደውለሽ አረጋግጪ። የት ከተማ እንደምትኖሪ አልጻፍሽም። ከደቡብ፣ ከቤር ሼቫ ወይ ከአሽኬሎን ከሆነ የምትመጡት፣ ማታ ሃይፋ ዘመድ ቤት እደሩና ጠዋት በባቡር ሂዱ፣ ከሃይፋ ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው። ከኔታንያ ወይ ከሃዴራ ከሆነ በዕለቱ ደርሶ መመለስ ይቻላል፣ ጠዋት በጊዜ ተነሱ እንጂ። ለእናትሽ ወፍራም ሶል ያለው ጫማ፣ ለአንቺ ውሃና የምትቀመጡበት ጨርቅ ያዢ። ቢሮው ስልክ ደውሎ «ቦታ እያለቀ ነው» ቢልሽ ይለቅ በዪው።