ሰው ያልገዛው ሸክላ

ጥያቄ፦ ላቭ የሚባለው ባንድ ያወጣውን «ፎርኤቨር ቼንጅስ» ሃያሲያን ከምርጥ የሮክ አልበሞች ተርታ ሲያሰልፉት ደጋግሜ አንብቤያለሁ። ሲወጣ ግን አሜሪካ ውስጥ በሽያጭ ሰንጠረዥ ከ154ኛ ደረጃ አላለፈም። ሁለቴ አዳመጥኩት፤ ሳይኬደሊክ ሮክ (የ1960ዎቹ ቅዠት መሰል የሮክ ስልት) ሲባል የጠበቅኩት የሚጮኽ ጊታር የለበትም ማለት ይቻላል። ሃያሲያኑ አጋነኑ ወይስ ጆሮዬ ነው?

መልስ፦ ጆሮዎ ደህና ነው። እኔም መጀመሪያ የሰማሁት አንድ ጎኑ በማይሠራ የጆሮ ማዳመጫ ነበር፤ ግማሹ ቅንብር ሳይደርሰኝ «ለስለስ ያለ ነገር ነው» ብዬ ተውኩት። ከወራት በኋላ በደህና ማዳመጫ ስሰማው ግን መለከቱ ሲገባ ከተቀመጥኩበት ብድግ አልኩ።

ጩኸቱን ጊታሩ ላይ አይፈልጉት፤ ግጥሙ ውስጥ ነው። በ1967 እ.ኤ.አ. የባንዱ መሪና ዘፋኝ አርተር ሊ ገና የ22 ዓመት ወጣት ነበር። በቅርቡ እሞታለሁ ብሎ ስላመነ አልበሙን እንደ ኑዛዜ ነው የጻፈው። ሎስ አንጀለስ ስለ ፍቅርና ስለ አበባ ስትዘፍን እሱ ኮረብታው ላይ ቁጭ ብሎ ሞትን ያያል፤ ያየውንም በቫዮሊንና በክላሲካል ጊታር አጅቦ ይነግረናል። እኔን የሚያስፈራኝ ይኸው ለስላሳነቱ ነው።

ቀረጻው ራሱ ሊከሽፍ ነበር። ባንዱ ተዳክሞ ስለነበር ካሮል ኬይ በቤዝ ጊታር፣ ሃል ብሌይን በድራም፣ ሌሎችም የስቱዲዮ ባለሙያዎች ተጠርተው ሁለት ዘፈን ተጫወቱ። የባንዱ ልጆች የገዛ ሥራቸውን ሌላ ሰው ሲሠራው አዩ። ደንግጠው ተነሡ፤ የቀረውን ራሳቸው ጨረሱት። አልበሙን ስሰማ ያ ድንጋጤ ጣቶቻቸው ላይ ያለ ይመስለኛል።

ታዲያ ለምን አልተሸጠም? ባንዱ ከካሊፎርኒያ ወጥቶ መጫወት አይወድም ነበር። አሳታሚው ኤሌክትራ ደግሞ በዚያው ዓመት ዘ ዶርስ የሚባለውን ሌላ ባንድ ይዞ ገበያውን አጥለቅልቆት ነበር፤ ዶርስን ለኤሌክትራ የጠቆመውም ሊ ራሱ ነው! እንግሊዝ ውስጥ ግን 24ኛ ደረጃ ደርሷል፤ ስለዚህ ከዓመታት በኋላ ሃያሲያን ከመሬት ተነሥተው የፈጠሩለት ዝና አይደለም። ሊ በ2003 ለንደን ሮያል ፌስቲቫል ሆል ውስጥ ከቫዮሊንና ከመለከት ተጫዋቾች ጋር ሙሉውን አልበም ተጫውቶታል። የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍትም ለትውልድ እንዲጠበቁ ከመረጣቸው ቅጂዎች ጋር በ2011 መዝገቡ ውስጥ አስገብቶታል።

እባክዎ ሦስተኛ ጊዜ ይስጡት፤ ከመጀመሪያው ዘፈን ይጀምሩ። ይህን ዘፈን የደረሰው ሌላው የባንዱ አባል ብራያን ማክሊን ነው። የማክሊን ድምፅ ሳሳ ተብሎ የሊ አጃቢ ድምፅ ከፍ እንዲል ተደረገ። ጎልቶ የሚሰማዎትን ትተው ከሥር ያለውን ቀጭን ድምፅ ይከተሉ፤ የዜማው ባለቤት እሱ ነው።