ብሩዥን በአንድ ቀን፦ ከእናት ጋር፣ ቢራውም ሳይቀር

ጥያቄ፦ የምንኖረው ብራስልስ ነው። በመጪው ወር እናቴ ከአዲስ አበባ ሊጠይቁን ስለሚመጡ አንድ ቀን ብሩዥን ልናሳያቸው አስበናል። ባለቤቴ ግን የቢራ ፋብሪካውን ካልጎበኘን አልሄድም ብሏል። እናቴ 70 ዓመት አልፏቸዋል፤ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ቢራም አይቀምሱም። ሁለቱን ማስማማት ይቻላል?

መልስ፦ ይቻላል፤ በብሩዥ የከተማው ታሪክና የቢራው ታሪክ ብዙም አይነጣጠሉምና። ከእመቤታችን ቤተ ክርስቲያን ጎን የሚገኘውን የግሩትሁዘ ቤተ መዘክር ይመልከቱ። የዚህ ቤት መኳንንት ስማቸውንም ሀብታቸውንም ያገኙት ሆፕስ (ለቢራ ምሬት የሚሰጠው ተክል) ከመለመዱ በፊት ቢራ ይጠመቅበት ከነበረው «ግሩት» ከተባለ የቅጠላ ቅጠል ድብልቅ ሲሆን፣ በከተማው በዚህ ድብልቅ የመነገድ መብት የእነርሱ ብቻ ነበር። ለእናትዎ «የጠላው ጌሾ ሁሉ በአንድ ጌታ እጅ ቢሆን ማለት ነው» ቢሏቸው ወዲያው ይገባቸዋል። ጌቶቹ ከቤታቸው ሳይወጡ ቅዳሴ ይከታተሉበት የነበረው፣ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ የሚያሳየው የጸሎት ክፍልም ዛሬ ድረስ አለ።

በባቡር አንድ ሰዓት ያህል ስለሚፈጅ በጠዋት ይነሡ። ከጣቢያው ተነሥተው በ1245 እ.ኤ.አ. በተመሠረተው፣ መንፈሳዊ ሴቶች በኅብረት ይኖሩበት በነበረው ቤጊንሆፍ ግቢ በኩል ሲያልፉ ዴ ሃልቨ ማን የተባለውን ጠመቃ ቤት ያገኛሉ፤ ነገር ግን በዚያ ሰዓት አይግቡ። መጀመሪያ በእመቤታችን ቤተ ክርስቲያን ያለውን የማይክል አንጄሎን የእመቤታችንና የልጇን ሐውልት፣ ቀጥሎም በትውፊት የጌታ ደም ያረፈበት ጨርቅ ተጠብቆበታል የሚባለውን ባዚሊካ ለእናትዎ ያሳዩ፤ ከቀኑ ሁሉ ልባቸውን የሚነካው ይህ ይመስለኛል። ከዚያ በኋላ በቦዩ ላይ ግማሽ ሰዓት ያህል የሚወስደው የጀልባ ጉዞ ለጉልበታቸው ዕረፍት ይሆናል። መንገዱ ኮብልስቶን ስለሆነ ለስላሳ ጫማ ያድርጉላቸው።

ጠመቃ ቤቱ ወደ ጣቢያው መመለሻ ላይ ስለሆነ ለከሰዓት በኋላ ይቆይ፤ ቦታ ግን አስቀድመው ያስይዙ። ጉብኝቱ 45 ደቂቃ ያህል ሲወስድ 220 ያህል ጠባብና ቀጥ ያሉ ደረጃዎች ስላሉት፣ እናትዎ ከእርስዎ ጋር በግቢው ምግብ ቤት ቢቆዩ፣ ባለቤትዎም ብቻቸውን ቢገቡ ይሻላል። ከጠመቃ ቤቱ ጣሪያ ላይ ከተማው በሙሉ ስለሚታይ 366 ደረጃ ያለውን የገበያውን ደወል ግንብ ደግሞ መውጣት አያስፈልግም፤ አንዱ ይበቃል። አስጎብኚው ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቢራው ከከተማው ዳርቻ ወዳለው የጠርሙስ መሙያ ስለሚወርድበት፣ ከ3 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሚረዝም የመሬት ውስጥ ቧንቧ መናገሩ አይቀርም። ቧንቧው የተዘረጋው ቦቴ መኪኖች ጠባቡን መንገድ እንዳያጨናንቁ ነው።

በጉብኝቱ መጨረሻ የሚቀርበው «ብሩግሰ ዞት»፣ ማለትም «የብሩዥ ቂል»፣ የአልኮል መጠኑ 6 በመቶ ነው። በዚያው ቤት የሚጠመቀው «ስትራፈ ሄንድሪክ» ግን እንደ ዓይነቱ 9 ወይም 11 በመቶ ስለሚደርስ፣ ባለቤትዎ እንደ አገር ቤት ቢራ ደጋግመው እንዳያዝዙት፣ ከወደዱትም በጠርሙስ ገዝተው ወደ ቤት እንዲወስዱት ይምከሯቸው። አመሻሽ ላይ እናትዎን በኮብልስቶኑ ላይ ደግፎ ባቡር ጣቢያ የሚያደርስ ጠንካራ ክንድ ያስፈልጋል።