መልስ፦ በሩሲያ ሥነ ጽሑፍ ዶክትሬት መሥራት

እህቴ፣ ሩሲያ ሄደሽ የሩሲያ ሥነ ጽሑፍ ዶክትሬት በእንግሊዝኛ ብቻ መሥራት ይቻል እንደሆነ ጠይቀሻል። እኔ አልመክርሽም። ግጥሙን በትርጉም እያነበብሽ ምኑን ትመረምሪዋለሽ? መጀመሪያ ቋንቋው። የመንግሥት ስኮላርሺፕ ካገኘሽ አብዛኛውን ጊዜ የአንድ ዓመት የቋንቋ መሰናዶ አለው፤ ለዚህ ዘርፍ ግን እሱ ብቻ አይበቃም፣ ስለዚህ ፊደሉንና መሠረታዊ ሰዋስውን፣ በተለይ ስሞች መድረሻቸውን በስድስት ዓይነት የሚለዋውጡበትን ሥርዓት፣ እዚሁ አገር ቤት እያለሽ ብትጨርሺው ብዙ ድካም ይቀንስልሻል።

የምትገቢበት ፕሮግራም «አስፒራንቱራ» ይባላል፣ ሦስት ዓመት ገደማ ነው። የምታገኚው ማዕረግ «ካንዲዳት ናውክ» ነው፣ እንደ ፒኤችዲ ይቆጠራል። «ዶክቶር ናውክ» ከዚያ በላይ ያለ ሌላ ማዕረግ ስለሆነ ስሙ እንዳያደናግርሽ።

ርዕሱ ላይ ግን አደራ! ሁሉም የሚሮጠው ወደ ፑሽኪን የዘር ሐረግ ነው፣ እሱ ላይ ብዙ ተጽፏል። ገጣሚው ኒኮላይ ጉሚልዮቭ በ1913 (እ.ኤ.አ.) እስከ ሐረር መጥቶ ለሴንት ፒተርስበርጉ ኩንስትካሜራ ሙዚየም ዕቃዎች ሰብስቧል፣ ስለ አቢሲኒያም ግጥሞች ጽፏል። እነዚያን ግጥሞች አማርኛ የሚያውቅ፣ የአገሩን ባህል ከውስጥ የሚያውቅ ሰው በሩሲያኛው ሲያነባቸው ሌላው ተመራማሪ የሚያልፈውን ነገር ያያል። ያንቺ ጉልበት እዚህ ላይ ነው።

ከማመልከትሽ በፊት በዘርፉ የሚሠራ መምህር ፈልጊና አንድ ገጽ ሐሳብ በሩሲያኛ ጽፈሽ ላኪለት። ስህተት ቢኖረውም ላኪው።