«ቀመሩን አውቀዋለሁ፣ መልሱ ግን አይመጣልኝም» ላልከው ወንድሜ

የባይሴክሽኑን፣ የኒውተን ራፍሰኑንና የኦይለሩን ቀመር ሸምድደህ፣ ፈተና ላይ ግን ቁጥሩ ሌላ ቦታ እንደሚሄድብህ ጽፈሃል። ፋይናል ሳይደርስ ምን ላድርግ ነው ጥያቄህ። እኔም በኑሜሪካል ሜትድስ (እኩልታዎችን ደረጃ በደረጃ በቁጥር እየተጠጉ የመፍታት ኮርስ) እንዲሁ ተንገላትቻለሁ። የመጀመሪያውን ፈተና ያበላሸሁት ግን ቀመር ጠፍቶኝ አይደለም። ካልኩሌተሬ ዲግሪ ላይ ነበር። ሳይንና ኮሳይን ያለበት ጥያቄ እዚህ ኮርስ ላይ በራዲያን ነው የሚሠራው። ሦስት ገጽ ሙሉ ተጠንቅቄ የተሳሳተ ቁጥር ደረደርኩ። አትሳቅ፣ መጀመሪያ የራስህን እይ።

ከዚያ ሽምደዳውን ተወውና ዘዴዎቹ እንዴት እንደሚበላሹ አጥና። እኔን የለወጠኝ ይሄ ነው።

ወረቀት አውጣና የ2ን ስኩዌር ሩት በኒውተን ራፍሰን፣ ማለትም ከአንድ ግምት ተነስቶ በታንጀንት መስመር ወደ መልሱ በሚጠጋው ዘዴ ፈልግ። ከ1 ጀምር። 1.5 ይመጣል፣ ቀጥሎ 1.416667፣ ቀጥሎ 1.414216። አራተኛው ዙር ላይ 1.41421356 ደርሰሃል። አሁን በ1 እና በ2 መካከል በባይሴክሽን ሞክረው። በየዙሩ ክፍተቱን በግማሽ ብቻ ነው የሚቀንሰው፤ ከ10 ዙር በኋላም ገና አንድ ሺህኛ አካባቢ ነህ። «ታዲያ ባይሴክሽን ለምን አስፈለገ?» ትል ይሆናል። ኤክስ ኩብ ሲቀነስ 2ኤክስ ሲደመር 2ን ውሰድና ኒውተንን ከ0 አስጀምረው። 1 ይሰጥሃል። ከ1 ደግሞ ወደ 0 ይመልስሃል። 0፣ 1፣ 0፣ 1... እስኪነጋ ብትሠራ ሩቱን (ፈንክሽኑ ዜሮ የሚሆንበትን ቁጥር) አታገኘውም። ባይሴክሽን ግን ቀርፋፋ ቢሆንም ፈንክሽኑ ቀጣይ እስከሆነና ሁለቱ ጫፎች ላይ ምልክቱ እስከተለያየ ድረስ አይከዳህም። አስተማሪዎች «የትኛውን ትመርጣለህ፣ ለምን?» ብለው የሚጠይቁት ይሄንን ነው።

ሁለተኛው ሙከራ ኮምፒውተር ይፈልጋል፤ ኤክሴልም ይበቃል። የሳይንን ዴሪቬቲቭ 1 ላይ በፎርዋርድ ዲፈረንስ አስላ፤ ትንሽ ደረጃ ወደፊት ሄደህ የሳይኑን ለውጥ ለደረጃው ታካፍላለህ። ትክክለኛው መልስ 0.5403 ነው። ደረጃው 0.1 ሲሆን 0.4974 ታገኛለህ። 0.01 ስታደርገው 0.5361። ደረጃው ባነሰ ቁጥር መልሱ ይሻሻላል ማለት ነው፣ አይደል? እኔም እንደዚያ ብዬ እያሳነስኩ ሄድኩ። እስከ 0.00000001 አካባቢ ጥሩ ነው። ከዚያ በኋላ ስህተቱ ተመልሶ ማደግ ይጀምራል። ከነጥብ በኋላ 15 ዜሮና አንድ 1 ስትጽፍ መልሱ ጭራሽ 0 ይሆናል! ኮምፒውተሩ የሚይዘው ወደ 16 ዲጂት ብቻ ስለሆነ፣ ያቺን ትንሽ ቁጥር 1 ላይ ሲደምራት ትጠፋለች። ሁለቱ ሳይኖች እኩል ይሆናሉ፣ ልዩነታቸው ዜሮ። ትራንኬሽን ስህተት (ደረጃው ትልቅ ሲሆን ከቀመሩ ግምትነት የሚመጣው) እና የማጠጋጋት ስህተት (ከዲጂቱ ማነስ የሚመጣው) የሚባሉት ምን እንደሆኑ የገባኝ ያን ቀን ነው። ኖቱ ላይ አሥር ጊዜ አንብቤው ነበር።

ዲፈረንሻል እኩልታን በትንንሽ ደረጃ እየተራመደ የሚፈታው ኦይለር ላይም እንዲሁ አድርግ። የዋይ ዴሪቬቲቭ ከ-50ዋይ ጋር እኩል ነው በል፣ ደረጃውን 0.1 አድርግ። እውነተኛው መልስ ወደ ዜሮ ይወርዳል፤ ያንተ ግን በየደረጃው በ-4 እየተባዛ ይፈነዳል። ከ0.04 በታች ስታወርደው ይረጋጋል።

ለፋይናሉ ደግሞ፣ መሃል ላይ አታጠጋጋ። ቢያንስ 6 ዲጂት ይዘህ ሂድና መጨረሻ ላይ ብቻ አሳጥር። ስሌቱን በሰንጠረዥ ጻፈው፤ አንዱ ዙር ላይ ብትስት እንኳ አራሚው የት እንደሳትክ ያያል፣ ከፊል ማርክም ታገኛለህ። ጋውስ ኤሊሚኔሽን (ብዙ እኩልታዎችን ረድፍ ከረድፍ እየቀነሱ መፍታት) ላይ ፒቮቱ፣ ማለትም የምታካፍልበት ቁጥር፣ በጣም ትንሽ ከሆነ ረድፍ ቀይር፣ አትሟገተው።

የጠፋብህን ጥያቄ ከነሰንጠረዡ እዚህ ለጥፈው። የትኛው ዙር ላይ እንደተንሸራተትክ አብረን እናየዋለን።