ጥያቄና መልስ፦ የራሳችን ኮንትሮል በዲዛይነር ሲከፈት

እንደምን ሰነበታችሁ! በዊንዶውስ ፎርምስ (የማይክሮሶፍት ዶት ኔት የዴስክቶፕ ፕሮግራም መሥሪያ) ከምትሠሩ የወሎ ልጆች የመጡ ጥያቄዎችን ዛሬ እንመልሳለን። አብዛኞቻችሁ የኢትዮጵያ ቀን መምረጫ እየሠራችሁ ነው። እውነትም ነው፤ ዶት ኔት የኛን ካላንደር አይዝም። ጳጉሜን የሚያውቅ ኮንትሮል (ፎርም ላይ የሚቀመጥ እንደ ቁልፍ ወይም ሳጥን ያለ ክፍል) ከፈለግን ራሳችን መሥራት አለብን።

ከደሴ፦ ሰኞ ገበያ ላለ ጨርቅ ሱቅ የደረሰኝ ፕሮግራም ሠራሁ። «የዛሬ ቀን» የሚለውን ፕሮፐርቲ (የኮንትሮሉን ባሕርይ የሚይዝ ዋጋ) ብራውዘብል ፎልስ ብዬ ደብቄዋለሁ። ግን ደረሰኙ ላይ የድሮ ቀን ይወጣል። ምን ነካው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ መደበቅና አለመጻፍ ለየቅል ናቸው። ብራውዘብል ከፕሮፐርቲስ መስኮት ያወጣዋል እንጂ ዲዛይነሩን (ፎርሙን እያየን የምንሠራበትን መሣሪያ) ዋጋውን ኮድ ውስጥ ከመጻፍ አያግደውም። ፎርሙን ሴቭ ስታደርግ የዚያን ዕለት ቀን ኢኒሻላይዝ ኮምፖነንት (ዲዛይነሩ የሚጽፈው የፎርሙ መነሻ ኮድ) ውስጥ ጻፈው። ፕሮግራሙ ሲነሳ ያንኑ መልሶ ይጭናል። የዲዛይነር ፋይሉን ክፈትና ተመልከት፣ መስመሩን ታገኘዋለህ። አጥፋውና ፕሮፐርቲው ላይ ዲዛይነር ሲሪያላይዜሽን ቪዚቢሊቲ ሂደን («ዲዛይነሩ ይህን አይጻፍ» የሚል ምልክት) ጨምር። ቀኑን ከውጭ የሚቀይር ከሌለ ደግሞ ሴተሩን (አዲስ ዋጋ የሚቀበለውን የፕሮፐርቲ ክፍል) አንሳው፤ ነገሩ ያልቃል።

ከኮምቦልቻ፦ «የበጀት መነሻ ወር» ላይ ዲፎልት ቫልዩ 11 አደረግሁ፣ ሐምሌ ለማለት። ፕሮግራሙ ሲሠራ ግን 0 ነው። መስኮቱ ላይ 11 ብዬ ብሞላም ያው ነው።

መልስ፦ ይሄ ብዙ ሰው ያስለቅሳል። ዲፎልት ቫልዩ ለፕሮፐርቲው ምንም ቁጥር አይሰጥም። ለዲዛይነሩ «ይህን ካየህ አትጻፍ» ነው የሚለው። አንቺ 11 ስትሞዪ «ዲፎልቱ ነው» ብሎ ዝም አለ፤ ከሥር ያለው ፊልድ (ዋጋው በእውነት የሚቀመጥበት ቦታ) ደግሞ 0 እንደሆነ ቀረ። ፊልዱንም በ11 አስጀምሪው። ሁለቱ ሁልጊዜ አንድ መሆን አለባቸው። መስኮቱ ላይ ደመቅ ብሎ የሚታየው ቁጥር ከዲፎልቱ የተለየው ነው።

ከወልዲያ፦ ከቁጥር ይልቅ የወር ስም እንዲመረጥ ታይፕ ኮንቨርተር (ዋጋን ወደ ጽሑፍና ከጽሑፍ የሚቀይር ኮድ) ልጻፍ?

መልስ፦ ምን አደከመህ! ሲ ሻርፕ የግዕዝ ፊደል በስም ይቀበላል። 13ቱን ወራት መስከረም ብለህ ጀምረህ ኢነም (የተወሰኑ ስሞች ዝርዝር) አድርጋቸው። መስኮቱ ራሱ ዝርዝሩን ያወርድልሃል። የኮንቨርተር ነገር የሚመጣው ዝርዝሩ ከዳታቤዝ ሲሆን ነው።

ከሐይቅ፣ ከአንድ መምህር፦ ልጄ፣ ዩዘር ኮንትሮሌ (ከሌሎች ኮንትሮሎች የገጣጠምሁት) ላይ ቴክስት የሚለው አይታየኝም።

መልስ፦ ጋሼ፣ ሆን ተብሎ ነው የተደበቀው። ኦቨርራይድ ያድርጉትና (በራስዎ ኮድ እንደገና ይጻፉትና) ብራውዘብል ትሩ፣ ዲዛይነር ሲሪያላይዜሽን ቪዚቢሊቲውን ደግሞ ቪዚብል ይበሉት። ሁለተኛውን ከረሱት የጻፉት ጽሑፍ ፎርሙን ዘግተው ሲከፍቱ ይጠፋል። ካተጎሪም (በፕሮፐርቲስ መስኮት የሚመደብበትን ክፍል) ይስጡት፤ በአማርኛ ቢሆንም ይሠራል።

ከደሴ ደግሞ፦ ወደ ዶት ኔት 9 ስሸጋገር ደብሊው ኤፍ ኦ 1000 የሚል ኤረር ጎረፈ።

መልስ፦ ስለ መጻፍ አለመጻፉ ያልተነገረለትን ፕሮፐርቲ ነው የሚይዘው። ዲዛይነሩ እንዲጽፈው የማትፈልገውን ሂደን በለው። ለሌላው ዲፎልት ቫልዩ ስጠው። ኤረሩን ማፈን ይቻላል፣ እኔ ግን አልመክርም። የመጀመሪያውን ጠያቂ የያዘው ችግር በዚህ ኤረር ገና ኮምፓይል ሲደረግ ይያዝ ነበር።